«እንዳልተለወጠ በምን ታውቂያለሽ?»

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የ24 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። እንደ ብዙ ወሎዬ የእኛም ቤተሰብ ድብልቅ ነው። እናቴ ክርስቲያን ናት፣ ታላቅ ወንድሟ ሙስሊም ነው። ፋሲካን እነሱ እኛ ቤት ይመጣሉ፣ አረፋን እኛ እነሱ ቤት እንሄዳለን። በቀደም ቡና ላይ የአጎቴ ልጅ «መጽሐፍ ቅዱስ ስንቴ ተገልብጦ፣ ስንቴ ተተርጉሞ፣ እንዳልተለወጠ በምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። ለነገር አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ማወቅ ፈልጎ ነው። እኔ ግን መልስ አጣሁ። «እምነት ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ቤት ገብቼ ቲክቶክ ላይ ስፈልግ ጭራሽ ግራ ገባኝ። አንዱ «የኖኅ መርከብ ተገኘ» ይላል፣ ሌላው «ሁሉም ተረት ነው» ይላል። ፕሮቴስታንት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ለምን የእናንተ መጽሐፍ ቅዱስ 81 መጽሐፍ ሆነ?» ትለኛለች። አሁን አሁን ሳነብ ውስጤ ይጠይቃል። ዝም ማለቴ ክህደት ነው? ለአጎቴ ልጅስ ምን ልበለው?
ግራ የገባኝ፣ ከደሴ

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ዝም ማለትሽ ክህደት አይደለም። የማታውቂውን እንደምታውቂ አድርገሽ አለማውራትሽ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ እንኳ እስር ቤት ሆኖ «የምትመጣው አንተ ነህ ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ ደቀ መዛሙርቱን ልኳል። ጌታ አልተቆጣውም። የምታዩትንና የምትሰሙትን ሄዳችሁ ንገሩት ነው ያለው። ስለዚህ ውስጤ ይጠይቃል ብለሽ አትደንግጪ።

አሁን ወደ ጥያቄው። «እንዳልተለወጠ በምን ታውቂያለሽ?» ሲባል አንድ ጥያቄ ይመስላል፤ ግን ሦስት ነገር ተደራርቦበታል። ዛሬ በእጃችን ያለው ጽሑፍ መጀመሪያ የተጻፈው ነው ወይ? ይህ አንድ። መጀመሪያ የጻፉትስ ሰዎች የሆነውን ነው የጻፉት? ይህ ሁለት። የእግዚአብሔር ቃል ነው ወይ? ይህ ሦስት። ክርክር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ለመጀመሪያው ያለንን ማስረጃ ይዘን ሦስተኛውን ያረጋገጥን ይመስለናል። የአጎትሽ ልጅ የጠየቀሽ መጀመሪያውን ነው። እሱ ላይ ደግሞ የምትይው አታጪም።

ከምታውቂው ታሪክ ልነሳ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሲደርስበት ቦታው «እንደ በግ ወደ መታረድ ተነዳ» የሚለው ነው። ዛሬ ኢሳይያስ 53 የምንለው ማለት ነው። ያ ጃንደረባ ያነበበው ኢሳይያስና አንቺ ቤት ያለው ኢሳይያስ አንድ መሆናቸውን ማወቅ ይቻላል?

ከ80 ዓመት በፊት መልሱ ከባድ ነበር። በዓለም ላይ የታወቀው ጥንታዊ የሆነው ሙሉ የዕብራይስጥ ብሉይ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1008 ገደማ የተገለበጠው ነው፤ አሁን ሴንት ፒተርስበርግ ይገኛል። ከጃንደረባው ወዲህ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይርቃል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1947 አካባቢ ሙት ባሕር ዳር፣ ቁምራን በሚባል ቦታ፣ የበደዊን እረኞች ዋሻ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በሸክላ ማሰሮ የተቀመጡ ጥቅልሎች አገኙ። ከመካከላቸው አንዱ የኢሳይያስ መጽሐፍ ነው። ቁርጥራጭ አይደለም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 66ቱም ምዕራፍ አለ። አሥራ ሰባት ቆዳ ተሰፍቶ የተቀጣጠለ፣ ሲዘረጋ ከ7 ሜትር የሚበልጥ ጥቅልል ነው። የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት ከ100 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ጃንደረባው በሠረገላው ሲያልፍ ያ ጥቅልል አርጅቶ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ከሺህ ዓመት በኋላ ከተገለበጠው ጋር ሲያስተያዩት ምን አገኙ? ያንኑ መጽሐፍ። ልዩነት የለም ማለት አይደለም። ብዙ ነው። አብዛኛው ግን የፊደል አጻጻፍና የሰዋስው ልዩነት ነው። አንዳንዱ ቃል ነው። ለምሳሌ በዚያው ምዕራፍ 53 ቁጥር 11 ላይ የቁምራኑ «ብርሃን» የሚል ቃል አለው፣ የኋለኛው የዕብራይስጥ ቅጂ ላይ የለም፤ የጥንቱ የግሪክ ትርጉም ላይ ግን አለ። መከራ ተቀባዩ አገልጋይ እዚያም አለ፣ እዚህም አለ። ክርስቲያኖች ይህን ጥቅልል ደጋግመው የሚያነሱት ለዚህ ነው። ሌላም ነገር አለ። ብሉይ ኪዳንን በዕብራይስጥ ሲገለብጡ የኖሩት አይሁድ ናቸው። ኢሳይያስ 53ን ስለ ኢየሱስ ነው ብለው አይቀበሉም። ክርስቲያኖች ለራሳቸው እንዲመች ቀይረውታል እንዳይባል፣ የማይስማማቸው ወገን እጅ ላይ ያለውም ያው ነው።

እዚህ ላይ ግን አደራ። ደስ ብሎሽ «አንዲት ፊደል አልተለወጠችም» እንዳትዪ። ሁሉም መጽሐፍ እንደ ኢሳይያስ አልመጣም። የኤርምያስ የግሪክ ትርጉም ከዕብራይስጡ ከስምንት አንድ እጅ ያህል ያጥራል፤ ቁምራን ላይ ደግሞ ረጅሙንም አጭሩንም የሚመስል የዕብራይስጥ ቁራጭ ተገኝቷል። ጎልያድን ታውቂዋለሽ፤ እኛ የምናነበው ቁመቱ ስድስት ክንድ ከስንዝር ነው፣ ወደ ሦስት ሜትር ገደማ። አንድ የቁምራን ቅጂ ግን አራት ክንድ ከስንዝር ይላል፣ ሁለት ሜትር ገደማ። ዳዊትና ጎልያድ መግጠማቸው አልተለወጠም፣ ሰውየው ግን አንድ ሜትር አጠረ! የአጎትሽ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ይህን በአንድ ሌሊት ሊያገኘው ይችላል። «አንዲት ፊደል» ብለሽው ከነበረ፣ በማግስቱ ያልሽው ሁሉ ይወድቃል። «ልዩነት አለ፣ የት የት እንዳለም ይታወቃል፣ ታሪኩን ሌላ ታሪክ አላደረገውም» ካልሽው ግን ያ ያገኘው ነገር አያስደነግጥሽም።

ወደ አዲስ ኪዳን እንምጣ። «ከአምስት ሺህ በላይ የግሪክ የእጅ ጽሑፍ አለ» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከሌላ ከማንኛውም የዚያ ዘመን መጽሐፍ ይበልጣል። ግን አብዛኛው ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የተገለበጠ ነው። ደግሞ ብዙ ቅጂ መኖሩ ጽሑፉ እንደደረሰን ያሳያል እንጂ የተጻፈው እውነት መሆኑን አያሳይም። ከቁጥሩ ይልቅ የጥንቶቹ ይሻላሉ። በማንቸስተር ከተማ ቤተ መጻሕፍት ያለች አንዲት የፓፒረስ ቁራጭ አለች፤ ከመታወቂያ ካርድ ብዙም አትበልጥም። በፊትም በጀርባም ተጽፎባታል። ዮሐንስ 18 ነው፣ ጲላጦስ ጌታን የሚመረምርበት ቦታ። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈች ናት ይባላል። ከዚያ በኋላ፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሙሉውን አዲስ ኪዳን የያዘ የግሪክ መጽሐፍ አለ፤ አብዛኛው ክፍል ለንደን ይገኛል።

እነዚህን የጥንት ቅጂዎች ስናይ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ቦታዎች ላይ ጥያቄ ይነሳል። የማርቆስ ወንጌል የመጨረሻ 12 ቁጥሮች እና ዮሐንስ 8 ላይ ያለችው በምንዝር የተያዘችው ሴት ታሪክ በጥንቶቹ ቅጂዎች ላይ የሉም። ይህን የደበቀ የለም፤ አዳዲስ ትርጉሞች ግርጌ ላይ ይጽፉታል። ብዙ ሰው ቲክቶክ ላይ እንደ ትልቅ ምስጢር ሲያወጡት ይደነግጣል። ሊቃውንቱ ግን ሲወያዩበት ኖረዋል። የእኛዎቹም የትርጓሜ መምህራን «እንዲህ የሚልም ቅጂ አለ» ማለት አዲስ አይሆንባቸውም።

ለእኔ ከሁሉ የሚያሳምነኝ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ አንድ ሰው እጅ ላይ ሆኖ አያውቅም። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ቅጂዎቹን ሁሉ ሰብስቦ የሚጠብቅና የሚያርም አንድ ቤተ መንግሥት ወይም አንድ ጉባኤ አልነበረም። ወንጌሉ ወደ ሶርያ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ሮም፣ ወደ አክሱም ሄደ። በሱርስት፣ በቅብጥ፣ በላቲን፣ በግዕዝ ተተረጎመ። እ.ኤ.አ. በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ሲደረግ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለች፤ እኛ በአንድ ወገን፣ ሮምና ቁስጥንጥንያ በሌላ ወገን ሆንን። ተወጋገዙ። ከዚያ በኋላ አንዱ ወንጌሉን ቢነካው ሌላው ዝም ይለዋል? አይለውም። ግን የሁለቱም ወገን አራቱ ወንጌል ያው አራቱ ወንጌል ነው። መለወጥ የፈለገ ሰው ከአክሱም እስከ ሮም ያለውን ብራና ሁሉ ሰብስቦ፣ በየቋንቋው አርሞ፣ ማንም ሳያይ መመለስ ነበረበት።

ይህን ለአጎትሽ ልጅ ስትነግሪው እሱም የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እሱን አንሺ። ነጃሺን። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ተሰደው አክሱም ሲደርሱ ጊዜው እ.ኤ.አ. 615 አካባቢ ነው። ያኔ የአክሱም ክርስቲያኖች ምን ዓይነት ወንጌል ነበር የሚያነቡት? ዓድዋ አጠገብ አባ ገሪማ ገዳም ያሉት የግዕዝ ወንጌሎች በካርቦን ተመርምረው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል እንደተጻፉ ታውቋል። እንግዲህ በዚያው ዘመን ወይም ከዚያ ቀድሞ ነው። የቃል ልዩነት እዚህም አለ፤ የግዕዙ ትርጉም ኋላ ላይ ተመርምሮ ታርሟል። ታሪኩ ግን ልደቱም፣ ስቅለቱም፣ ትንሣኤውም እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መልሰሽ ጠይቂው፤ በፍቅር ነው ታዲያ። «ተበርዟል ስትል ጽሑፉ ነው ወይስ አተረጓጎሙ?» በይው። የእስልምና ሊቃውንት ራሳቸው በዚህ ላይ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጽሑፉ ራሱ ተለውጧል ያሉ አሉ፣ የለም ትርጉሙን ነው ያጣመሙት ያሉም አሉ። ጽሑፉ ነው ካለሽ ብራናዎቹን ማየት ይቻላል። አተረጓጎሙ ነው ካለሽ ግን ቁምራንም ገሪማም መልስ አይሆኑም፤ ያ ሌላ ውይይት ነው።

አንድ ሰው እጅ ላይ አልነበረም ስልሽ ሩቅ አገር ብቻ አይምሰልሽ። ካንቺ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል የዚያ ገዳም ነው። ያ ዓይነት መጽሐፍ እንዴት እንደሚጻፍ አስቢ። የፍየል ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ብራና ይሆናል። ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕር ይጽፋል፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም አጠገቡ ነው። ሰው ነውና ይሳሳታል። ዓይኑ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይዘላል፣ በተለይ ሁለት መስመር በአንድ ቃል ሲያልቅ። የተሳሳተውን ቃል በቢላ ይፍቀዋል፤ ብራናው ላይ የተፋቀው ቦታ ሲነካ ይታወቃል። የዘለለውን ደግሞ ኅዳግ ላይ ጽፎ መግቢያው ጋ ምልክት ያደርጋል። ስህተቱም እርማቱም ገጹ ላይ ይቀራል። ከዚያ መጽሐፉ ሣጥን ውስጥ አይዘጋበትም፤ በቅዳሴ በጉባኤ ይነበባል። ዳዊትን በቃሉ የያዘ ተማሪ ባለበት አንዱ ቃል ሲዘለል ጆሮ ይሰማዋል። ደረሳ በቃሉ ሲቀራ ያየ የወሎ ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ስለ መገልበጡ ይህ ይበቃል። ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል፤ ጽሑፉ ቢደርሰንስ፣ የጻፉት ሰዎች የሆነውን ነው የጻፉት?

ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ምን እንደሚል አይተሻል? ተአምር አይተርክም። ብዙዎች ይህን ታሪክ ለመጻፍ እንደሞከሩ፣ ከመጀመሪያው በዓይናቸው ያዩት እንዳስተላለፉት፣ እሱም ሁሉን በጥንቃቄ ተከታትሎ በተራ እንደጻፈ ይናገራል። ምንጩን የሚናገር ሰው ነው። ጳውሎስ ደግሞ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ55 ገደማ፣ ክርስቶስ ከሞት ተነሥቶ ለእነ ማን እንደታየ ይዘረዝራል። ከአምስት መቶ ለሚበዙ ወንድሞች በአንድ ጊዜ ታየ ይልና «የሚበዙቱ እስከ አሁን አሉ» ይላል። ከስቅለቱ 25 ዓመት ገደማ ነው። ሂዱና ጠይቋቸው እንደማለት ነው።

25 ዓመት ረጅም ነው የሚል አለ። ወንጌሎቹ ደግሞ ከዚያም ዘግይተው ነው የተጻፉት፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት ማርቆስን በ70 አካባቢ፣ ዮሐንስን በ90ዎቹ ያደርጓቸዋል። ግን እስቲ እናትሽን ወይም አያትሽን ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ ጠይቂያቸው። አርባ ዓመት አልፎታል። እህል ከየት ስንት ተሸመተ ስትያቸው ይለያያሉ። ማን ቀድሞ ከቀዬው ወጣ ስትያቸው ሊጨቃጨቁ ይችላሉ። ኮረም ላይ ማንን እንደቀበሩ ግን አይረሱትም። አንድ ሰው ተነስቶ «ያኔ ድርቅ አልነበረም» ቢላቸው ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ። ክርስቲያኖች ወንጌሉን የሚያዩት እንዲህ ነው። ዋናው ነገር ጸንቶ፣ ዳር ዳሩ ይለያያል። መቃብሩ ጋ የሄዱት ሴቶች ስንት ናቸው? መልአኩ አንድ ነው ሁለት? ማቴዎስና ዮሐንስ አንድ ዓይነት አይነግሩሽም። መቃብሩ ባዶ መሆኑን፣ መጀመሪያ የደረሱት ሴቶች መሆናቸውን ግን አራቱም ይላሉ። እዚህም ግን ልክ አለው። ማቴዎስና ሉቃስ ከማርቆስ ብዙ የሚጋሩት ቃል አለ። ስለዚህ «አራት ፍጹም የማይተዋወቁ ምስክሮች» አትበይ።

ሴቶቹን ካነሳን አይቀር፣ በዚያ ዘመን የሴት ምስክርነት ዋጋው ዝቅ ያለ ነበር። ታሪኩን ሠርተው ቢያወጡት ኖሮ መግደላዊት ማርያምን መጀመሪያ አያስቀድሟትም ነበር፣ ጴጥሮስን እንጂ። ጴጥሮስን ደግሞ እንዴት አድርገው እንደጻፉት እይ። በአንዲት ገረድ ፊት አላውቀውም ብሎ ይምላል። የቤተ ክርስቲያን አለቃ ነው እኮ! ዳዊትም የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን ሲያስገድል ተጽፎአል። የነገሥታት ታሪክ እንዲህ ሲጻፍ ብዙ አታዪም። ራሱን የሚያሳፍረውን ያልሰረዘ ጸሐፊ ሌላውን ነገር ሲነግርሽ ጆሮ መስጠት ተገቢ ነው።

ከውጭ የሚመሰክሩም አሉ። ለእኔ ደስ የሚለኝ የሰናክሬም ነው። 2ኛ ነገሥት 18 ላይ የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ይሁዳን ወርሮ ሕዝቅያስን 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ አስከፈለው ይላል። ሰናክሬም ራሱ ያስጻፈው የሸክላ ጽሑፍ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነነዌ ላይ ተገኘ። ሕዝቅያስን «እንደ ወፍ በቀፎው ዘጋሁበት» ብሎ ይፎክራል። ወርቁ 30 መክሊት ነው። ብሩ ግን 800 ሆኗል። ወርቁ ላይ ይስማማሉ፣ ብሩ ላይ አይስማሙም። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ያን ሁሉ ፎክሮ ኢየሩሳሌምን ያዝኩ አይልም። መጽሐፍ ቅዱስም አልያዛትም ነው የሚለው። ጠላት የጻፈውና ወዳጅ የጻፈው እንዲህ ሲገጥም ቀላል ነገር አይደለም። ሮማዊው ታሲተስም በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጴንጤናዊው ጲላጦስ እንደተገደለ ጽፏል፤ ክርስቲያኖችን ሊያመሰግን አይደለም፣ ይጠላቸዋል። የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1961 ቂሣርያ ላይ ተገኝቷል። አይሁዳዊው ዮሴፉስ ክርስቶስ የሚባለውን የኢየሱስን ወንድም ያዕቆብን ያነሳል። ዮሴፉስ ስለ ጌታ ራሱ የጻፈው ሌላ ክፍል አለ፤ እሱ ላይ ግን የክርስቲያን ገልባጭ እጅ እንደገባበት ብዙዎች ስለሚስማሙ ተይው።

የቁፋሮ ነገር ሁሉንም አይመልስም። እስራኤል ከግብፅ ስለመውጣታቸው በቀጥታ ይኸው የሚባል ግኝት የለም፤ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እንደ ሰናክሬሙ ጽሑፍ በእጅ የሚጨበጥ ነገር በየቦታው አትጠብቂ።

አሁን የማትጠቀሚባቸውን ልንገርሽ። «የኖኅ መርከብ አራራት ላይ ተገኘ»፣ «የፈርዖን ሠረገላ ጎማ ቀይ ባሕር ውስጥ ታየ»። እነዚህን ተያቸው። በተደጋጋሚ ይለቀቃሉ፣ አንዴም አልተረጋገጡም። እንዲህ ዓይነቱን ለአንድ ልባም ልጅ ብትልኪለት እውነተኛውንም አብሮ ይጥልብሻል። «መጽሐፉ ራሱ የእግዚአብሔር ቃል ነኝ ይላል» ማለትም ለሚያምን እንጂ ለሚጠይቅ መልስ አይሆንም። «በዓለም ብዙ የተሸጠ ነው» ማለትም እንዲሁ። ሐዋርያት ለእምነታቸው ሞተዋል የሚለው ከነዚህ የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን ከልባቸው ማመናቸውን ነው የሚያሳየው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የእግዚአብሔር ቃል መሆኑ፣ በብራና አይመዘንም። ክርስቲያን የሚያምነው ክርስቶስን አምኖ ነው፤ እሱ መጻሕፍትን የአባቱ ቃል አድርጎ ስለተቀበለ፣ ቤተ ክርስቲያንም ከሐዋርያት ተቀብላ ስላደረሰችው፣ ሲያነበው ደግሞ ልቡን ስለሚነካው። ይህን ቡና ላይ አስረድተሽ አትጨርሺውም፣ መጨረስም የለብሽም። «እምነት ነው» ያልሽው ስህተት አልነበረም፤ ለሦስተኛው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው። እሱ ግን መጀመሪያውን ነበር የጠየቀሽ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስትገናኙ እንዲህ በይው፦ «ያልከኝን አስቤበታለሁ። ሲገለበጥ ልዩነት ገብቷል፣ አልክድም። ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈ ኢሳይያስ አለ፣ ነጃሺ ዘመን አካባቢ የተጻፈ ወንጌል እዚሁ አገራችን አለ፣ ከዛሬው ጋር ማስተያየት ይቻላል። የእግዚአብሔር ቃል ነው ማለቴ ግን እምነቴ ነው።» በቃ። የማታውቂውን ከጠየቀሽ «ጠይቄ እነግርሃለሁ» በይው። አንድ ነገር ብቻ አታድርጊ፤ «የእናንተስ?» ብለሽ ወደ እሱ መጽሐፍ አትዙሪ። የጠየቀሽ ስለራስሽ ነው፣ ስለራስሽ መልሺ። አንቺ ደግሞ በዚህ ሳምንት ማርቆስን ቁጭ ብለሽ አንድ ጊዜ ሙሉውን አንብቢው፤ አጭር ነው፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። ጥያቄሽን ይዘሽ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርሽን አናግሪ።

የቀረሽ የባልደረባሽ ጉዳይ ነው። የእኛ 81፣ የእነሱ 66 መሆኑ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መጽሐፎቹ ተለወጡ አልተለወጡ ሳይሆን የትኞቹ ይቆጠሩ ነው። አዲስ ኪዳኑ ላይ በምታነቡት 27 መጽሐፍ ልዩነት የላችሁም። «ቁምራን 81ዱን አረጋገጠ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ግማሹን ብቻ እመኚው። መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የተረፉት በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 የሄኖክን ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ እስኪገባ ድረስ እዚያ ሙሉውን አያውቁትም ነበር። ቁምራን ላይ የሄኖክ የአራማይክ፣ የኩፋሌ የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ተገኙ። ስለዚህ አባቶቻችን ፈጥረው የጻፉት አይደለም፣ ጥንታዊ መጽሐፍ ነው የጠበቁት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥንታዊ መሆኑ ግን በራሱ ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠር ለሚለው መልስ አይሰጥም፤ ያን የወሰነችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ባልደረባሽ «ለምን ጨመራችሁ?» ስትልሽ ይሁዳ ቁጥር 14 ላይ ማንን እንደሚጠቅስ ጠይቂያት። ሄኖክን ነው። እሷ ደግሞ ነገሩን የምታውቅ ከሆነ «ጳውሎስም አቴና ላይ የግሪክ ባለቅኔዎችን ጠቅሷል፣ መጥቀስ ቅዱስ መጽሐፍ አያደርግም» ትልሻለች። ጥሩ መልስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለመምህራኑ ተዉላቸውና ሥራችሁን ቀጥሉ።